ፒያሳ ላይ ስላለ አንድ ቁርስ ቤትና ስለሚታደሰው የጎንደር መሀል ከተማ

ከጎንደር ፖስታ ቤት ቁልቁል በሚወርደው የፒያሳ ጎዳና ላይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንደኛው ሥር፣ በሩ ላይ «ቁርስ ቤት» ከሚል ሰሌዳ በቀር መጠሪያ የሌለው ምግብ ቤት አለ። ይህን ግምገማ የምጽፈው ምግቡ ስለጣመኝ ብቻ አይደለም። ጎንደር መሀል ከተማዋን በማደስ ላይ በምትገኝበት በዚህ ጊዜ፣ ሰፊው የእግረኛ መንገድና የመንገዱ መብራት የሚስቡትን ሰው ተቀብሎ የሚያቆየው ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በእኔ እምነት የፒያሳ መነቃቃት የሚጸናው አብያተ መንግሥቱን ለመጎብኘት በሚመጣው እንግዳ ብቻ አይደለም፤ ከማራኪ፣ ከአዘዞና ከአዲስ ዓለም ተነሥቶ ለቁርስ፣ ለጉዳይና ለምሽት ወክ ወደ መሀል ከተማ በሚመጣው ነዋሪ ነው። ይህ ቤት ደግሞ ከምግብ ዝርዝሩ ጀምሮ እስከ አቀማመጡ ድረስ የታሰበው ለነዋሪው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምግቡ። ቤቱ የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛዎቹን የሚይዙት ከኪዳን የሚመለሱ ምእመናን፣ ሥራ ሊጀምሩ ያሉ የባጃጅ ሹፌሮችና ሱቃቸውን ለመክፈት ወደ አራዳ የሚያልፉ ነጋዴዎች ናቸው። በፍስክ ቀን እንቁላል ፍርፍር፣ ጨጨብሳና በቅቤ የታሸ ቅንጬ ይቀርባል፤ በጾም ቀን ደግሞ ፉል፣ የእንጀራ ፍርፍርና የሱፍ ፍትፍት ይገኛል። ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን አጥብቆ በሚጾም ከተማ ውስጥ የጾም ምግብን በሚገባ የማይሠራ ቤት የዓመቱን እኩሌታ ደንበኛ እንዳጣ ይቆጠራል። እዚህ ግን የጾሙ ገበታ ከፍስኩ አያንስም፤ እንዲያውም እኔ በበኩሌ የጾሙን እመርጣለሁ።

ከሁሉም የማደንቀው ፉሉን ነው። በብዙ ቦታ ፉል ሲታዘዝ የሚመጣው በአንድ ድስት ሲንተከተክ ያረፈደ፣ ቅርፁ የጠፋ ባቄላ ነው። በዚህ ቤት ባቄላው ሌሊቱን ሲዘፈዘፍ አድሮ ጎሕ ሳይቀድ ይቀቀላል፤ የሚደቆሰው ግን ሰው ካዘዘ በኋላ፣ በየሳህኑ ነው። ስለዚህም ግማሹ ይልማል፣ ግማሹ ፍሬው እንደተለየ ይቀራል። በላዩ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ከዚያም በዘይት የተለወሰ በርበሬ ይደረግበታል። ዳቦው ከአጎራባቹ ዳቦ ቤት በትኩሱ የሚገዛ ነው፤ ልጁ ጠዋት ጠዋት በሁለት እጁ ከረጢት ታቅፎ መንገዱን ሲሻገር ይታያል። ቁርስ ቤቱ ባይኖር ዳቦ ቤቱ የማለዳ ገዢውን ያጣል፤ ዳቦ ቤቱ ባይኖር ደግሞ ይህ ፉል ትኩስ ዳቦ አያገኝም። መሀል ከተማ ሲታደስ በቅድሚያ ሊታሰብላቸው የሚገቡት እንዲህ ያሉ የተያያዙ ትንንሽ ንግዶች ናቸው፤ አንዱ በተነሣ ጊዜ ሌላውም ይጎዳልና።

ለምሳ የሚመጣው ተጋቢኖ ሽሮ የተለየ ምስጋና ይገባዋል። የቤቱ ባለቤት፣ ደንበኞቹ ሁሉ «እትዬ» እያሉ የሚጠሯቸው እናት፣ ሽምብራውን ከደምቢያ ያስመጣሉ፤ አስቆልተው፣ አስከክተው፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ራሳቸው ቆመው ያስፈጫሉ። ሽሮው በሸክላው እንደፈላ ገበታው ላይ ይደርሳል፤ ሲቆረስም እንጀራውን አያርሰውም፣ ይይዘዋል። እንጀራው የጤፍ ነው። ጤፍ በተወደደበት ወቅት ሩዝ መቀላቀል በአካባቢያችን ተለምዷል፤ በዚህ ቤት ቅልቅል በሆነ ቀን አስተናጋጇ ከማዘዛችሁ በፊት «ዛሬ ሩዝ አለበት» ብላ ትናገራለች። ይህን የምታደርገው ማንም ሳይጠይቃት ነው። አንድ ምግብ ቤት ከደንበኛው ጋር ሊኖረው ስለሚገባ እምነት ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ ለእኔ ግን ይህች አጭር ቃል ትበቃኛለች።

ቡናው ጠዋትና ከምሳ በኋላ በጀበና ይፈላል። ጀበናዎቹ የወለቃ ሸክላ ናቸው፤ ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ቀድሞ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት ከነበረችው መንደር የሚመጡ። ማኪያቶ የሚፈልግ ሰው ወደ ሌላ ቤት መሄድ አለበት፤ እዚህ የቡና ማሽን የለም።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ። ፒያሳ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ጣሊያን ጎንደርን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ባደረገበት ወቅት፣ ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለው የፍሎረንስ አርክቴክት ባወጣው ማስተር ፕላን መሠረት ነው። ወራሪው ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ የመጨረሻውን ሽንፈት ተጎንጭቶ ሲወጣ፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱንና በጎዳናው ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ሕንፃዎች ትቶ ሄደ። ሕንፃዎቹ የተሠሩበትን ዓላማ ማንም ጎንደሬ አይረሳውም። ቢሆንም ከሰማንያ ዓመት በላይ ደብዳቤ የላክንባቸው፣ ልብስ ያሰፋንባቸው፣ ሻይ የጠጣንባቸው እኛ ነን፤ የከተማችን ታሪክ አካል ሆነዋል፤ ሊጠበቁም ይገባል።

እነዚህ ሕንፃዎች ለምን እንዲህ ተጎሳቆሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በከፊል በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ውስጥ ያገኘዋል። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርሱት በቀበሌዎች እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ይህ ለብዙ ድሀ ቤተሰብ መጠለያ ሆኗል፤ ለትንሹ ነጋዴም መሀል ከተማ ላይ የመሥራት ዕድል ሰጥቷል። በአንጻሩ ለዐሥርተ ዓመታት ሳይለወጥ የኖረው ኪራይ ጣሪያ ለመቀየርም ሆነ ግድግዳ ለመለሰን የሚበቃ አልሆነም፤ ተከራዩ የእርሱ ያልሆነውን ቤት ለማደስ አይደፍርም፤ አከራዩም አቅም የለውም። በየሕንፃው በረንዳ ላይ የምናየው የተቀረፈ ልስንና የዛገ ቆርቆሮ በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው።

የቁርስ ቤቷ ባለቤት ቤቱን ሲይዙት ግድግዳው ወገብ ድረስ በቡናማ ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ጣሪያው በኮምፔንሳቶ የተሸፈነ ነበር። የዘይት ቀለሙን አስፍቀው በነጭ ኖራ አስቀቡት፤ ኮምፔንሳቶውን ሲያስነሡት ከፍ ብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ጣሪያ ብቅ አለ፤ ክፍሉም ቀን መብራት የማያስፈልገው ብሩህ ሆነ። ወለሉ በቀይና በግራጫ ቀለም የተነጠፈ የድሮ የሲሚንቶ ንጣፍ ነው። የተሰበረው ቦታ ላይ ሌላ ዓይነት ሴራሚክ አልለጠፉበትም፤ በተራ ሲሚንቶ ሞልተው ተዉት። ሻካራ ቢመስልም ያረጀውን በአዲስ ከመሸፈን ይልቅ የቀረውን ማቆየት የመረጠ ሰው ሥራ ነው። በየመንገዱ አሮጌ ፊት ለፊቶች በመስታወትና በአልሙኒየም ሲሸፈኑ እያየሁ ስለማዝን፣ ይህ ጥንቃቄ ከምግቡ ባልተናነሰ አስደስቶኛል።

ወደ ደጅ ስንወጣ ሌላው የዚህ ግምገማ ጉዳይ ይጠብቀናል። ከኮሪደር ልማቱ በኋላ በፒያሳ በእግር መሄድ የተለየ ነገር ሆኗል። ቀድሞ እግረኛው ከተሰበረ ንጣፍ፣ ከቆመ መኪናና ከተከመረ ዕቃ ጋር እየታገለ አስፋልቱን ከባጃጅ ጋር ይጋራ ነበር። አሁን ከፖስታ ቤቱ እስከ ጃንተከል ዋርካና እስከ ፋሲል ግንብ ደጃፍ ድረስ ልጅ የያዘች እናት ሳትሳቀቅ ትሄዳለች። በአብያተ መንግሥቱም ላይ ጥገና ተካሂዷል። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የመሠረቷት ይህች ከተማ፣ ግንቦቿ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ስለ ቅጥሩ ውስጥ ብዙ ሲባልላት፣ ከቅጥሩ ውጭ ስላለው ኑሮዋ ግን ትኩረት ያገኘችው በቅርቡ ነው። ሥራውን ከልቤ አመሰግናለሁ። ምሽት ላይ ከኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎች፣ ጋቢያቸውን የደረቡ አዛውንቶችና ቤተሰቦች በአንድ ጎዳና ላይ ሲመላለሱ ማየት ለዚህች ከተማ ሰው ትልቅ ደስታ ነው።

የጎደለውም መነገር አለበት። የቀትር ፀሐይ የሚከልል ዛፍ ገና አልደረሰም፤ አረፍ የሚባልበት መቀመጫ በቂ አይደለም፤ የሕዝብ መጸዳጃ የሚፈልግ ሰው ካፌ ገብቶ ማዘዝ ይገደዳል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ንጣፉ ከአንዳንድ ሱቆች ደጃፍ ከፍ ብሎ መሠራቱ ነው። የዚህ ቁርስ ቤት መግቢያ አሁን ከመንገዱ በአንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሏል። በክረምት ዶፍ ሲወርድ ውኃው ወደ ውስጥ ስለሚገባ አስተናጋጇ በአሸዋ የሞላ ማዳበሪያ በሩ ላይ ትደረድራለች። አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት ቆም ብለው ወደ ታች ሲመለከቱ ወጥታ «አባባ፣ እጄን ይያዙኝ» ብላ ስታስገባቸው አይቻለሁ፤ እርሳቸውም «ተባረኪ ልጄ፣ ድሮ እኮ ዝም ብዬ ነበር የምገባው» አሏት። ለውኃው መውረጃ በደጃፉ ላይ አንድ ቦይ፣ ለሰው መግቢያ ደግሞ አንድ ተዳፋት መወጣጫ ቢሠራ ነገሩ ያልቃል። እንዲህ ያለው ጉድለት በፕላን ወረቀት ላይ ላይታይ ይችላል፤ ለአንድ ቁርስ ቤት ግን የክረምቱን ገቢ የሚወስን ነው።

ስለ መሀል ከተማ እድሳት ስናነሣ የሌሎችን ተሞክሮ ማየት ይጠቅማልና፣ በአሜሪካ ደቡብ፣ በደቡብ ካሮላይና ግዛት ስለምትገኘው ስለ ግሪንቪል ጥቂት ልበል። ከተማዋ በሕዝብ ብዛት ከጎንደር በእጅጉ ታንሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ነዋሪዎቿ 70 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ጎንደር ግን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እንኳ ከ200 ሺህ በላይ ነበራት። ግሪንቪል በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኖረች ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች ከከተማው ዳር ሲከፈቱ ገዢው መኪናውን እየነዳ ወደዚያ ሄደ፤ የዋናው ጎዳና ሱቆችም ተራ በተራ ተዘጉ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1979 ከንቲባ የነበሩት ማክስ ሄለር በወጣትነታቸው ከናዚዎች ሸሽተው ከኦስትሪያ የመጡ፣ ሸሚዝ በማምረት ሥራ ያደጉ ሰው ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን በተጀመረው ሥራ ሎረንስ ሃልፕሪን የተባለው የመልክዓ ምድር አርክቴክት ባለ አራት መስመሩን ዋና ጎዳና ወደ ሁለት መስመር አጠበበው፤ የተረፈው ስፋት ለእግረኛና ለዛፍ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1982 በጎዳናው ጫፍ ትልቅ ሆቴል ተከፈተ፤ በ1990 የኪነ ጥበብ ማዕከል ተጨመረ። በመጨረሻም ከተማዋ የወንዟን ፏፏቴ ሸፍኖ የኖረውን የመኪና ድልድይ አፍርሳ፣ በ2004 በምትኩ የእግረኛ ድልድይ ከፈተች።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ሥራው ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ከንቲባ ሲቀያየር አቅጣጫው አልተለወጠም። ዛሬ በእነዚያ ዛፎች ጥላ ሥር ምግብ ቤቶች ወንበራቸውን አውጥተው ሰው ያስተናግዳሉ፤ ዛፎቹ ግን ሲተከሉ ችግኝ ነበሩ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ማዕከሉ ሲያምር በዙሪያው የቤት ዋጋና ኪራይ ናረ፤ አቅም የሌላቸው ነዋሪዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ለትውልድ ከኖሩባቸው ሰፈሮች ለመልቀቅ ተገደዋል። ጎንደር ፏፏቴዋን የሚሸፍን ድልድይ ማፍረስ አያስፈልጋትም፤ ግንቧ ከፒያሳ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ለሁሉም በሚታይ ስፍራ ቆሟል። የሚያሰጋኝ ሁለተኛው ነው። ጎዳናው በጨመረው ውበት ልክ ኪራይ ከጨመረ በመጀመሪያ የሚለቁት ልብስ ሰፊው፣ ጫማ አዳሹ፣ ዳቦ ቤቱና ይህ ቁርስ ቤት ናቸው። በምትካቸው የሚገቡት ትልልቅ ቤቶች ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይዘጉ ይሆናል፤ ወይም ዋጋቸው ለመንግሥት ሠራተኛ የማይቀመስ ይሆናል። ያን ጊዜ መብራቱ ለማን እንደሚበራ ማሰብ ያስፈልጋል። የኪራይ ውል ለረጅም ዓመታት እንዲታሰር፣ ነባር ነጋዴም ቤቱን በራሱ ወጪ ሲያድስ ወጪው ከኪራዩ እንዲታሰብለት ቢደረግ ከብዙ ጌጥ የሚበልጥ ሥራ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ፣ ከዚያም በጦርነቱና በጸጥታው ችግር ምክንያት የውጭ ጎብኚ በቀረባቸው ዓመታት በእንግዳ ላይ ብቻ ተስፋ የጣሉ ብዙ ቤቶች ተቸግረዋል። ይህ ቁርስ ቤት ግን አልተዘጋም። ሂሳቡን የሚከፍሉት በአቅራቢያው ያሉ የባንክና የቢሮ ሠራተኞች፣ የሕግ ጉዳይ ያለባቸው ባለጉዳዮችና ከገጠር ለቅዳሜ ገበያ የሚመጡ ገበሬዎች ነበሩ። አሁንም ናቸው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቆብ የደፉ መምህርና ከአዲስ ዓለም የመጣ ሙስሊም ነጋዴ የጾም በያይነቱን አብረው ሲቆርሱ ማየት የተለመደ ነው። ለጥምቀት ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ስትጥለቀለቅ እንኳ ዋጋው አይለወጥም፤ ይህ በከተማችን ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር ስላልሆነ ሊመሰገን ይገባዋል።

ቤቱ ያለ እንከን አይደለም። መጸዳጃው በጓሮ ከሌሎች ሱቆች ጋር የጋራ ስለሆነ ንጽሕናው እንደየሰዓቱ ይለያያል፤ ከሰዓት በኋላ ለሴት ደንበኞች አይመችም። እጅ መታጠቢያው አንድ ቧንቧ ብቻ በመሆኑ በምሳ ሰዓት ሰልፍ ይሆናል፤ ውኃ በሚቋረጥበት ቀን ደግሞ በጆግ ነው የሚያስታጥቡት። ቴሌቪዥኑ እግር ኳስ ባለበት ምሽት እጅግ ይጮኻል፤ ፋሲል ከነማ የሚጫወት ከሆነ ግን ማንም ቅሬታ እንደማያሰማ መታወቅ አለበት። ጨጨብሳው አንዳንድ ጊዜ ዘይት ይበዛበታል። ሻዩ አስቀድሞ በስኳር ስለሚፈላ ስኳር የማይወስድ ሰው «ያለ ስኳር» ብሎ ቀድሞ መናገር ይኖርበታል፤ እንደ እኔ የደም ስኳር ያለባቸው አንባቢዎች ይህን ልብ ይበሉ። ሂሳብ በቴሌብር መክፈል ይቻላል፤ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ግን ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይሻላል።

ባለቤቷ ሦስት አራት ጠረጴዛ ወደ ውጭ አውጥተው ከደጃፉ ማዶ ባለው ሰፊ ንጣፍ ላይ ቡና የማፍላት ሐሳብ አላቸው፤ እግረኛውን በማያግድ ስፋት ከተፈቀደላቸው ለጎዳናው ምሽት ትልቅ ነገር ይጨምራል። እስከዚያው ድረስ በውስጥ ያለው የመስኮት ጥግ ጥሩ ቦታ ነው፤ ጎዳናውን እስከ ታች ያሳያል። ፉል የሚፈልግ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ ያልቃል። ሽሮው ከ6 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ አለ። እሑድ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ቦታ ስለማይገኝ፣ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ወደ 5 ሰዓት ግድም ቢመጣ ይመረጣል። መኪና ያለው ሰው ከላይ፣ በፖስታ ቤቱ አካባቢ አቁሞ በእግሩ ቢወርድ ይሻለዋል፤ ከደጃፉ ላይ ማቆሚያ የለም።